ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ጠብታ፦ የፔሮቭስካይት ሶላር ሴልን ከእርጥበት ስለ መጠበቅ

እንደምን ዋላችሁ። በስሌት ልጀምር። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ስሌት ላይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

በፔሮቭስካይት ሶላር ሴል ውስጥ ብርሃኑን የሚመጠው ንጣፍ ውፍረቱ 500 ናኖሜትር ያህል ነው። የአንድ ካሬ ሜትር ፓነል ንጣፍ ተፍቆ ቢሰበሰብ የሚወጣው ግማሽ ኩብ ሴንቲሜትር፣ የሻይ ማንኪያ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ክብደቱ 2 ግራም ገደማ ይሆናል። ንጥረ ነገሩ የተለመደው ሜቲልአሞኒየም ሌድ አዮዳይድ ከሆነ አንድ ሞሉ (ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን የሚቆጥሩበት መለኪያ) 620 ግራም ይመዝናል። ለእያንዳንዱ የክሪስታሉ አሃድ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይድረሰው ብለን ብናሰላ፣ 2 ግራሙን በሙሉ ለማራስ የሚበቃው ውሃ 60 ሚሊግራም ነው። ከመድኃኒት ማንጠብጠቢያ የሚወርድ ጠብታ 50 ሚሊግራም አካባቢ ይመዝናል። እንግዲህ አንድ ካሬ ሜትር ፓነልን ለማበላሸት የሚበቃው ውሃ ከአንድ ጠብታ እምብዛም አይበልጥም። በጣና ዳር በአንድ ክረምት በዚያው ካሬ ሜትር ላይ የሚዘንበው ግን ከ1,000 ሊትር በላይ ነው። ፓነሉ 25 ዓመት ጣራ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ በ25 ክረምት ውስጥ ያቺ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ ማድረግ ነው ሥራው።

ፔሮቭስካይት መጀመሪያ የማዕድን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ጉስታፍ ሮዘ በኡራል ተራሮች የተገኘውን ካልሲየም ታይታኔት በሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ጠራው። ዛሬ ስሙ የሚያመለክተው የአተሞቹን አደራደር ነው። ለሶላር ሴል የምንጠቀምበት ዓይነት በመሃሉ እርሳስ፣ በዙሪያው አዮዲን፣ በክፍተቱ ደግሞ ሜቲልአሞኒየም፣ ፎርማሚዲኒየም ወይም ሲዚየም አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጹቶሙ ሚያሳካ ቡድን በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ በሶላር ሴል ሲሞክረው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ብቃቱ 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። አሁን በላቦራቶሪ ከ26 በመቶ አልፏል፤ የተለመደው ሶላር ፓነል በሚሠራበት በሲሊከን ላይ ሲደረብ ደግሞ ከ34 በመቶ። ሲሊከን ለመቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ፔሮቭስካይት ግን በፈሳሽ ተሟሙቶ እንደ ቀለም ይቀባል፤ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለደቂቃዎች ይጋገርና ያልቃል። አገራችን ውስጥ ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ሶላር ሴል ካለ ይህ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሟሟ ነገር ውሃ ሲያገኘውም በቀላሉ ይፈታል።

አፈታቱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ የውሃ ሞለኪውል በክሪስታል ቅንጣቶቹ መገጣጠሚያ ሾልኮ ይገባና ከክሪስታሉ ጋር ተጣምሮ ሞኖሃይድሬት የሚባል ፈዛዛ ነገር ይሠራል። እዚህ ላይ ደረቅ አየር ከደረሰለት ውሃው ይለቃል፣ ጥቁሩ ቀለምም ይመለሳል። የጣናን ታንኳ አስቡ፤ ደንገል ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ አቁሞ ያደርቀዋል፣ በማግስቱም ይቀዝፍበታል። መራስና መድረቁ ሲደጋገም ግን ደንገሉ ይላላል፤ ከወራት በኋላም ታንኳው ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ፔሮቭስካይቱም እንደዚያው ነው። እርጥበቱ ከበረታ ወይም ከተመላለሰ ሜቲልአሚኑና ሃይድሮጅን አዮዳይዱ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ሌድ አዮዳይድ ነው፣ ቢጫ። የወጣው ጋዝ አይመለስምና ከዚያ በኋላ ማድረቅ ምንም አይረዳም። ስለዚህ ሽፋኑ ሁለት ሥራ አለበት፦ ውሃ እንዳይገባ መከልከል፣ ከውስጥ የሚወጣውንም ጋዝ አፍኖ መያዝ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሴሉ ሲሞቅ የሚለቀው ጋዝ መውጫ ካጣ ተመልሶ ከክሪስታሉ ጋር ይዋሐዳል፤ በሽፋኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ካገኘ ግን ያንን ቦታ እስኪሞላ ድረስ መውጣቱን ይቀጥላል።

ፎርማሚዲኒየም ያለበት ዓይነት ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፤ ሆኖም እርጥበት ሲነካው ምንም ሳይወጣበት ጥቁሩ አደራደሩ ወደ ቢጫ አደራደር ይገለበጣል። በተጨማሪም የሚበላሸው ፔሮቭስካይቱ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪኩን ከፔሮቭስካይቱ ተቀብሎ በሚያስተላልፈው፣ ስፓይሮ-ኦሜታድ በሚባለው ንጣፍ ውስጥ የሚጨመረው የሊትየም ጨው እርጥበት ሳቢ ነው፤ ውሃውን ጎትቶ እደጃፉ ያመጣዋል። የሚወጣው አዮዲን ደግሞ ከላይ ያለውን የብር ሽቦ ወደ ብር አዮዳይድ ይለውጠዋል። የብሩ መስመር ጠርዙ ላይ ጠቁሮ ወይም ደብዝዞ ካያችሁ ፔሮቭስካይቱ ገና ጥቁር ቢሆንም ጉዳቱ ተጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠብታዋ እንመለስ። ሽፋኖችን የምንለካው በቀን፣ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ስንት ግራም የውሃ ተን ያሳልፋሉ በሚል ነው። ተራ የፔት ፕላስቲክ (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት)፣ 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው፣ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ በቀን ጥቂት ግራም ያሳልፋል። 5 ግራም ብለን እንያዝ፤ 60 ሚሊግራሙ በ17 ደቂቃ ገባ ማለት ነው። ሽፋኑ በቀን 0.01 ግራም የሚያሳልፍ ከሆነ 6 ቀን እናገኛለን። 0.0001 ከሆነ 600 ቀን። 25 ዓመት ለመድረስ በቀን ከ6.6 ማይክሮግራም በላይ ማሳለፍ የለበትም፤ ይህም ለቴሌቪዥንና ለስልክ ኦሌድ ስክሪን ከሚፈለገው ደረጃ ጋር ይቀራረባል። ስሌቱ ሻካራ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ሁሉም ክሪስታል ከመራሱ ብዙ ቀድሞ ነው፤ በሌላ በኩል የገባው ውሃ በሙሉ ፔሮቭስካይቱን አያገኝም። ቢሆንም የቁጥሩን መጠን በትክክል ያሳያል፦ የብስኩት መጠቅለያና የሶላር ሽፋን በመቶ ሺዎች እጥፍ ይለያያሉ።

ይህን ደረጃ የሚደርስ ነገር በእጃችን አለ፤ መስታወት ነው። ጤነኛ መስታወት የውሃ ተን አያሳልፍም ቢባል ስህተት አይሆንም። ስለዚህ ጠፍጣፋ ፓነል የምትሠሩ ከሆነ ፊቱም ጀርባውም መስታወት ይሁን። በዚህ ላይ አልከራከርም። ስስ ሽፋኖች የሚያስፈልጉት በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛ፣ በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ሴል ከሚደራረቡበት ነገርና ከተረፈ እርጥበት ለመጠበቅ፤ ሁለተኛ፣ የሚታጠፍ ፓነል ሲሠራ መስታወት ስለማይኖር።

ከውስጥ ወደ ውጭ እንሂድ። የመጀመሪያው መከላከያ ፔሮቭስካይቱ ራሱ ላይ የሚቀባ ውሃ የማይወድ ጨው ነው። በብዛት የሚሠራበት ፌኔቲልአሞኒየም አዮዳይድ ነው። ከ1 እስከ 5 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖል ይሟሟል፤ ስፒን ኮተሩ (ሴሉን በፍጥነት የሚያሽከረክረው መሣሪያ) በደቂቃ 4,000 ወይም 5,000 ዙር እየዞረ ይንጠባጠብበታል፤ ከዚያ በ100 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ይሞቃል። ጨው የተቀባው ፊት ላይ የተቀመጠ የውሃ ጠብታ ካልተቀባው ይበልጥ ክብ ሆኖ ይቆማል። ጥቅሙ ጊዜ መግዛት ነው፤ ሴሉ በሚሠራበት ሰዓትና በቀናት ውስጥ ይጠብቀዋል እንጂ ለዓመታት አይሆንም። ከበዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ንጣፍ ይሆንና የሴሉን ብቃት ይቀንሳል። አይሶፕሮፓኖሉ ራሱ ውሃ ካለበት ጥበቃው ጉዳት ይሆናል፤ ከተከፈተ የሰነበተ ጠርሙስ በዚህ ሥራ ላይ አይገባም።

ሁለተኛው ኤ.ኤል.ዲ. በሚባለው ዘዴ የሚደረበው እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ ሜታል ኦክሳይድ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1974 በፊንላንድ በቱኦሞ ሱንቶላ የተጀመረ ነው። በቫኪዩም ውስጥ ሁለት ጋዞች አይገናኙም፤ በተራ ይገባሉ። ለአሉሚኒየም ኦክሳይድ መጀመሪያ ትራይሜቲልአሉሚኒየም ለ0.1 ሰከንድ ያህል ይለቀቃል፣ ፊቱ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ይይዛል፤ የተረፈው በናይትሮጅን ይጠረጋል። ከዚያ የውሃ ተን ይለቀቃል፣ እሱም የያዘውን ድርብ ወደ ኦክሳይድ ይለውጣል፤ እንደገና ይጠረጋል። አንድ ዙር የሚያድገው 0.1 ናኖሜትር ያህል ነው። ለ20 ናኖሜትር 200 ዙር ይፈልጋል፤ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

ለምን አንድ ደቂቃ ይፈጃል? ፔሮቭስካይቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ስለማይችል መሣሪያውን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ላይ እናሠራዋለን። በዚህ ሙቀት ውሃ ከመሣሪያው ግድግዳ ቶሎ አይለቅም። መጥረጊያውን ጊዜ ለማሳጠር 5 ሰከንድ ያደረገ ሰው ግድግዳ ላይ የቀረው ውሃ ከሚቀጥለው ጋዝ ጋር በአየር ላይ ይገናኝበታል፤ ያኔ የሚያድገው ድርብ በድርብ የተደረበ ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ መሆኑ ይቀርና ዱቄት መሰል፣ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነገር ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በቆጣሪ 200 ዙር ሠርታችሁ ውፍረቱ 30 ናኖሜትር ከወጣ ደስ አይበላችሁ፤ መጥረጊያው አጥሯል። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ስጡት። ትራይሜቲልአሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚያቀጣጥል ፈሳሽ ስለሆነ ያለ ልምድ ያለው ሰው የሲሊንደሩ ቫልቭ አይነካም።

ሌላው ስህተት ኦክሳይዱን በቀጥታ ፔሮቭስካይቱ ላይ ማሳደግ ነው። ከእርጥበት ለመጠበቅ ብለን ራሱን የውሃ ተን 200 ጊዜ እንነፋበታለን፤ ጋዞቹም ፊቱ ላይ ያለውን ሜቲልአሞኒየም ይነቅላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ 20 ናኖሜትር ካርቦን ስድሳ፣ ፉለሪን የሚባለው፣ በቫኪዩም ይተንበታል። ከዚያ በላይ ቲን ኦክሳይድ በ80 እና በ100 ዲግሪ መካከል ይደረባል፤ እሱ ኤሌክትሮን ስለሚያስተላልፍ ከብረት መስመሩ ሥር ሆኖ መሥራት ይችላል፤ አዮዲኑም ወደ ብሩ እንዳይደርስ ይጋርዳል። አሉሚኒየም ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ቦታው ከብረቱ በላይ ነው። አንድ ድክመት አለው፦ በሙቅ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ራሱ ቀስ በቀስ ከውሃ ጋር ይዋሐዳል። ለዚህ ነው ከዚርኮኒየም ወይም ከታይታኒየም ኦክሳይድ ጋር እየተቀያየረ በስስ በስሱ የሚደረበው።

በኤ.ኤል.ዲ. ምትክ ፓሪሊን የሚባል ፕላስቲክም አለ። ዱቄቱ በ150 ዲግሪ ይተናል፣ ከ650 ዲግሪ በላይ ባለ ምድጃ ውስጥ አልፎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም በክፍል ሙቀት ላይ ባለው ሴል ላይ ተንጠላጥሎ ያድጋል። ፈሳሽም ሙቀትም ስለሌለው ለፔሮቭስካይት የዋህ ነው፤ ጥቂት ማይክሮሜትር ይደረባል። ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፕላስቲክ ነውና ተን ያሳልፋል። ጥሩ ጓደኛ ነው ግን። ከኦክሳይድ ጋር ሲፈራረቅ የኦክሳይዱን ቀዳዳ ይሸፍንለታል፣ ስለታጠፈም አይሰነጠቅም።

ቀዳዳ አልሁ። ስለ ስስ ሽፋን የምናገረው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚገባው ውሃ በሽፋኑ አካል በኩል አይደለም የሚገባው፤ በአቧራ ምክንያት በተፈጠረ ቀዳዳና በዳር በኩል ነው። አንድ ማይክሮሜትር የምታህል ብናኝ ከ20 ናኖሜትር ሽፋን 50 እጥፍ ትረዝማለች። ብናኟ ስትነቃነቅ ሽፋኑን ይዛ ትነሳለች። ሽፋኑን ከ20 ወደ 40 ናኖሜትር ብናሳድገው ቀዳዳው ቀዳዳ ነው፤ ጥቅሙ በእጥፍ አያድግም። ሁለቱን በተለያየ ጊዜ፣ በመካከላቸው ፕላስቲክ አድርገን ብንደርባቸው ግን የላዩ ቀዳዳና የታቹ ቀዳዳ ስለማይገጥሙ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ወደ ጎን ረጅም መንገድ መሄድ አለበት።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ወቅት የሚባል ችግር አለው። በጋ፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፔሮቭስካይት ለመቀባት ምቹ ነው፤ ግን አቧራው የሚበዛው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አቧራው ይተኛል፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ75 በመቶ በላይ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብን አቧራው የሚገታበትን ወቅት እንምረጥ። እርጥበትን በግላቭ ቦክስ (አየር በማይገባበት፣ በጓንት በሚሠራበት ሳጥን)፣ በናይትሮጅንና በሲሊካ ጄል ማውረድ ይቻላል። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙ ሲቀየር በ120 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ተጠብሶ ይመለሳል። አንዴ ሽፋን ሥር የገባችን ብናኝ ግን ማንም አያወጣትም።

ወደ ዳሩ እንምጣ። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ትምህርት ያውቀዋል። ጋኑ ራሱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አፉ በጭቃ በደንብ ካልተመረገ ጠላው ይበላሻል፤ የሚያሳስበው ምርጊቱ ነው። በመስታወት ፓነል ላይ ምርጊቱ ቡቲል ጎማ፣ ፖሊአይሶቡቲሊን፣ ነው። በብዛት እርጥበት የሚውጥ ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደ ቴፕ ይመጣል። ውሃው በዚህ ጎማ ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ ከስፋቱ ካሬ ጋር ይሄዳል፦ ስፋቱን በእጥፍ ብናደርግ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ለጣራ ፓነል ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይተዋል። ከዚህ ላይ 4 ሚሊሜትር ቆርጦ ብዙ ሴል ለማስገባት መሞከር ከሁሉም የከፋ ቁጠባ ነው፤ 12ቱ 8 ሲሆን ጊዜው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ጎማው የሚያርፈው ባዶ መስታወት ላይ መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ፔሮቭስካይቱ፣ ፉለሪኑና ሌላው ንጣፍ እስከ መስታወቱ ጫፍ ከተቀባ፣ ጎማው ከላይ ቢጣበቅም ከሥሩ ያለው ንጣፍ እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን እየመጠጠ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመታሸጉ በፊት ዳሩ ዙሪያውን በሌዘር ወይም በስለት ይፋቃል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። የፋቀው ሰው ዓይን ንጹሕ ነው ያለው መስታወት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብዙ ጊዜ ቢጫ ጭረት ይቀርበታል። ያ ጭረት ነው በኋላ መንገድ የሚሆነው። ሁለተኛው የውሃ በር ሽቦው የሚወጣበት ቦታ ነው። ጠፍጣፋ የመዳብ ሪባን በጎማው ውስጥ ሲያልፍ በጎኑና በጎማው መካከል ፀጉር የምታህል የአየር ዋሻ ይተዋል። ሪባኑ ስስ ይሁን፤ ከሥሩም ከላዩም ጎማ ይደረግበት፤ ከመታሸጉ በፊትም ቦታው ለብቻው በሙቀት ይጫን።

በመስታወቶቹ መካከል ያለው ቦታ በምን ይሞላ? በሲሊከን ፓነል የለመድነው ኢ.ቪ.ኤ. የሚባለው አጣባቂ ፕላስቲክ እዚህ አይሆንም። ለመጣበቅ ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በኋላም አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ፖሊኦሌፊን የተሻለ ነው፤ ቡቲል ጎማ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚጫን ለፔሮቭስካይት ይበልጥ ይመቻል። ባዶ መተው የሚሉም አሉ፣ በናይትሮጅን የተሞላ ክፍተት። ለባሕር ዳር ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱ ከፍታችን ነው። 1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ከወደብ ተጭኖ የመጣ የድንች ጥብስ ከረጢት እዚህ ሲደርስ እንዴት እንደሚነፋ አይታችኋል። በባሕር ጠለል የታሸገ ባዶ ክፍተት ያለው ፓነልም እንዲሁ ነው፤ የ20 ኪሎፓስካል ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲታሰብ 2 ቶን ያህል ክብደት ነው። መስታወቱ ትንሽ ስለሚጎብጥ ሙሉው ኃይል ጎማው ላይ አያርፍም፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት ሲያሞቀውና ሲያበርደው ዳሩን እየጎተተ ይከፍተዋል። ስለዚህ ክፍተቱ በሙሉ ይሞላ።

ለሙከራ ትንሽ ሴል፣ 2.5 በ2.5 ሴንቲሜትር፣ የምታሽጉ ተማሪዎች ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። የመሸፈኛው መስታወት በሳሙና ውሃ፣ በተጣራ ውሃ፣ በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል በየተራ 15 ደቂቃ በአልትራሳውንድ ይታጠባል። ከዚያ በ120 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይደርቃል፤ ሙቅ እንዳለ ወደ ግላቭ ቦክስ ይገባል፣ ከቀዘቀዘ እንደገና እርጥበት ይይዛልና። የቡቲል ቴፑም ከመጠቀሙ በፊት በቫኪዩም ውስጥ ያድር፤ ብዙ ሰው ሴሉን ያደርቅና ቴፑን ይረሳል። የሴሉ ዳር 5 ሚሊሜትር ይፋቃል፣ ቴፑ በአራቱም ጎን ሳይቆረጥ ማዕዘኑ ላይ ተደራርቦ ይዞራል። በ80 ወይም በ90 ዲግሪ፣ በቫኪዩም፣ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይጫናል። በአልትራቫዮሌት የሚደርቅ ኢፖክሲ የምትጠቀሙ ከሆነ ያልደረቀው ፈሳሽ ሴሉን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፔሮቭስካይቱን ራሱ ሊያጠቃው ይችላል፣ እናንተም ጥፋቱን በእርጥበት ታሳብባላችሁ።

ጥሩ አሸጋችሁ አላሸጋችሁ እንዴት ይታወቃል? ሴሉን እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልግም። በሴሉ ፈንታ 100 ናኖሜትር ካልሲየም በመስታወት ላይ በቫኪዩም ተኖ ይታሸጋል። ካልሲየም እንደ ፊት ማያ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጥና ብርሃን ያሳልፋል። በየቀኑ ከኋላ መብራት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ይናገራል። ከአንድ ጎን እንደ ግንባር ቀጥ ብሎ የሚገባ ንጣት ካለ ችግሩ ዳሩ ነው። በመሃል ላይ እንደ ዝናብ ነጠብጣብ ክብ ክብ ሆኖ ከበዛና ከሰፋ ሽፋኑ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ክቦቹን ቆጥሩ፣ የአቧራችሁ ቁጥር ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ ሪባኑ የሚወጣበትን ቦታ እዩ። ካልሲየም የሚተንበት መሣሪያ ከሌለ ሌላው ቀርቶ በኮባልት ክሎራይድ የተነከረ ወረቀት ይረዳል፤ ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲርስ ሮዝ ነው። ሚዛኑ ሻካራ ስለሆነ ግዙፍ ማፍሰስን እንጂ ትንሹን አይለይም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዓለም አቀፉ ፈተና የሚኬደው፤ አይ.ኢ.ሲ. 61215 የሚባለው፣ 85 ዲግሪ ሙቀት፣ 85 በመቶ እርጥበት፣ 1,000 ሰዓት። ኃይሉ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ የለበትም። በዚያ ፈተና ውስጥ የውሃው ተን ግፊት 49 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ዳር ክረምት፣ በ20 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት፣ 1.9 ነው። ውሃውን የሚገፋው ኃይል 26 እጥፍ ነው። ይህን ወደ ዓመት ቀይሮ መናገር ግን ያሳስታል፤ ሙቀቱ ጎማውንም ፕላስቲኩንም ይለውጣቸዋልና። በተጨማሪ ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ 200 ጊዜ የሚመላለሰው ፈተና አለ፤ ብዙ ፔሮቭስካይት ፓነል እርጥበቱን አልፎ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ንጣፎቹ በተለያየ መጠን ስለሚሰፉ ይላላጣሉና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለኤሌክትሪኩ ብቻ አይደለም። ከ2 ግራሙ ውስጥ 0.7 ግራም ገደማው እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ካሬ ሜትር ፓነል እርሳስ በሙሉ ቢታጠብ ወደ 70,000 ሊትር ውሃ እስከዚያ ወሰን ያደርሳል። ሌድ አዮዳይድ ደግሞ በውሃ ይሟሟል፣ ጥቂት ቢሆንም። ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከሐይቁ የሚቀዳ ሕዝብ ባለበት ዳር የተሰበረ ፓነል ዝናብ ላይ መጣል የለበትም። እርሳስ የሚይዙ ፎስፎኒክ አሲድ ያለባቸው ፊልሞች በሴሉ ሁለት ፊት ሊደረቡ ይችላሉ፤ ውሃ ሲገባ እርሳሱን አስረው ያስቀሩታል። ዋጋ ቢጨምሩም በጣና ዙሪያ የሚተከል ፔሮቭስካይት ያለ እነሱ መተከል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ለሙከራ ጣራ ላይ የምትሰቅሉ ካላችሁ፣ በግንቦት መጨረሻ ስቀሉ፣ ክረምቱን በሙሉ እንዲያገኘው። ወደ ደቡብ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል፤ ኬክሮሳችን 11.6 ስለሆነ ለብርሃኑም ይበቃል፣ ውሃውም ይወርዳል። የሚወርደው ውሃ የሚቆመው ግን በታችኛው የአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ ነው። ፍሬሙ የማንጠፍጠፊያ ቀዳዳ አለው፤ በበጋ አቧራ ይደፈናል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የቡቲሉ ታችኛ ዳር ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይከርማል። ሌሊት ፓነሉ ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል፤ እኩለ ቀን ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ያ ውሃ በሞቀ ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀዳዳዎቹን ከሰኔ በፊት በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ ሳይሆን ከታችኛው ሁለት ማዕዘን ጀምሩ፣ ሪባኑ ወደሚወጣበት ጎን። ቢጫው መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ ከፍሬሙ ጠርዝ ገና አንድ ጣት ሳይገባ።